ቀይ ተረከዝ

የሆንባህ ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ ከቅዱሳን ይዋሳል፤ ለመሬቱ ስም ሲያወጣ ግን ከመከራው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ዳገት «የስዊድን አመድ» ይባላል፤ በድሮ ጦርነት ስዊድኖች በዚያ በኩል መጥተው መንደሩን ሙልጭ አድርገው አቃጥለውታል። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ጭንጫ «ረሃብ ሜዳ» ነው። ድሮ ወይን ይበቅልበት የነበረው፣ አሁን እሾህ የወረሰው ተረተር ደግሞ «የመበለቶች ወይን» ይባላል፤ ባሎቻቸውን የጨረሰው ተስቦ ይሁን የፈረንሳይ ጦር ሽማግሌዎቹ እስካሁን ይጨቃጨቁበታል። በጀርመን ካርታ ላይ ሆንባህ ዝንብ ያረፈባት የምትመስል ነጥብ ናት። ታሪኳን ማወቅ የፈለገ ሰው እርሻ ለእርሻ ይዙርና የእያንዳንዱን ስም ይጠይቅ።

ወንዙ ዳር፣ ከአኻያዎቹ ሥር ያለችው ቀጭን የሣር መሬት «ቀይ ተረከዝ» ትባላለች። እንግዳ ሲጠይቅ አፈሩ ቀይ ስለሆነ ነው ይሉታል። ውሸታቸውን ነው። አፈሩማ በዚያ አገር ሁሉም ቦታ ቀይ ነው።

የሂትለር ጦርነት ባበቃ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ያቺ መሬት ገና ስም አልነበራትም። የነበራት ጠብ ነበር።

በአንዱ ወገን ኩኒጉንደ ናት፤ መንደሩ ሁሉ ጉንዲ የሚላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ላምና አንድ ጉረኛ አውራ ዶሮ ያላት ሴት። በሌላው ወገን ጋንጎልፍ ነው። ጋንጎልፍ ከተራራው ማዶ የመጣ የሰው አገር ሰው ነው፤ የሆንባህን ልጅ አግብቶ ገባ። እዚህ ከኖረ ስንት ዘመን ሆኖታል፣ ሆንባህ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ሸብቶም «አዲሱ» ነው የሚለው። የሁለቱን መሬት የሚለየው አንድ የወሰን ድንጋይ ነው። ጋንጎልፍ እንደሚለው ድንጋዩ ሁለት ክንድ ያህል ወደ እሱ መሬት ገብቷል።

«እትዬ ጉንዲ፣ ድንጋይዎ እግር አወጣ እንዴ? ወደ እኔ እየተራመደ ነው እኮ!»

«እግር ያወጣስ ያንተ ምላስ ነው። ያ ድንጋይ አንተ ሆንባህ የሚባል አገር መኖሩን ሳትሰማ እዚያው ቆሞ ነበር።»

«አማቴ ከትልቁ አኻያ እስከ ድንጋዩ ስንት ክንድ እንደሆነ በገዛ እጃቸው ለክተው አሳይተውኛል።»

«አማትህ ወይን ከቀመሱ ክንዳቸው ይረዝም ነበር። ነፍስ ይማር።»

እንዲህ ሲባባሉ የሰማ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ጉንዲ ግን አትስቅም ነበር። ያቺ ሣር የእሷ አይደለችም። የልጇ ናት። አባቱ ሳይሞት ለቩኒባልት፣ ለቩኒ ብሎ የለያት መሬት ናት። ልጅዋ ሲመለስ ከርስቱ ስንዝር ጎድሎ እንዲያገኘው አትፈልግም።

ሲመለስ። ይቺን ቃል ጉንዲ ሳትናገራት የዋለችበት ቀን የለም። ቩኒን የወሰዱት በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት፣ ጢሙ እንኳ በወጉ ሳይበቅል ነው። የሱፍ ካልሲ ስትሠራለት ግራጫው ክር አለቀባትና ቀይ የሱፍ ሻሿን ተርትራ ተረከዙን በቀይ ጨረሰችው። ቩኒ አይቶ በሳቅ ሞተ።

«እማዬ፣ ጠላት ከሩቅ ተረከዜን እያየ ይስቅብኛል እኮ!»

«ይሳቅብህ። የሚስቅ ሰው አይተኩስም» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሩሲያ ተማርኮ ይሆናል አሉ፤ ከሩሲያ የሚመለሱት ተመልሰው አለቁ፣ እሱ የለም። የመንደሩ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለጦርነቱ ሙታን ሐውልት ሲያቆም ካህኑ የቩኒን ስም ከመጨረሻው መስመር ላይ ሊያስቀርጽ ጠየቃት። «በሕይወት ላለ ሰው መቃብር አይቆምም» ብላ ከደጇ መለሰችው። ያ መስመር እስከዚያ ዓመት ባዶውን ነበር።

ከመንደሩ ሰው እውነተኛ ወዳጄ የምትለው ቡርካርትን ብቻ ነበር። ቡርካርት የቩኒ የክርስትና አባት ነው። ቃል አይበዛበትም። ከጦርነቱ ወዲህ መከር በገባ ቁጥር የክረምት ማገዶዋን ራሱ ፈልጦ፣ ራሱ ጭኖ አምጥቶ ከጓሮዋ ይከምርላታል። ቡና ልታፈላለት ስትል «ሥራ አለብኝ» ይልና ይሄዳል። ቤቷ ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። ጉንዲ ይህን ከትሕትናው ትቆጥርለት ነበር።

ቡርካርት የሰባቶቹ አለቃም ነው። በዚያ አገር የወሰን ድንጋይ የሚያቆሙትም የሚያነሱትም መሐላ የገቡ ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዴ ከማሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ነው፣ አንዱ ሲሞት የቀሩት ምትኩን ይመርጣሉ። ድንጋይ ከመትከላቸው በፊት ከሥሩ «ምስክር» የሚሉትን ይቀብራሉ፤ የተተኮሰ ሸክላ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ እነሱ ብቻ በሚያውቁት አኳኋን ተደርድሮ። ሰው በሌሊት ድንጋዩን ቢያዛውር ምስክሩ ያጋልጠዋል። ይህን አደራደር ለሚስታቸው አይነግሩም፣ ለነፍስ አባታቸውም አይነግሩም። ከድንጋይ ሥር ለማየት ሲቆፍሩ ባለመሬቶቹ ጀርባቸውን አዙረው ይቆማሉ። ሁለቱም ባለመሬቶች በአንድ ቃል ድንጋዩ ይነሳ ካሉ ደግሞ ሰባቶቹ እምቢ ማለት አይችሉም፤ ሕጉ በዕድሜ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ይበልጣል። ከእነሱ ሌላ ድንጋይ የነካ ሰው በጥንት ጊዜ እስከ አንገቱ ተቀብሮ ማረሻ ይነዳበት ነበር ይባላል። አሁን ቅጣቱ እስር ነው፤ ሰው የሚፈራው ግን ማረሻውን ነው።

በዚያ ዓመት ከከተማ ለኪዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ብጥስጣሽ እርሻዎችን ሊያቀናጁ፣ አዲስ ካርታ ሊያወጡ። ጠብ የሌለበት ድንበር እንዳለ ይቀራል፣ ጠብ ያለበት በመኪና ተጠርጎ እንደ አዲስ ይከፈላል። ይህ በተሰማ ሰሞን ቡርካርት ለመጀመሪያ ጊዜ የጉንዲን ደጃፍ አንኳኳ። ባርኔጣውን እንደደፋ ደፍ ላይ ቆመ።

«ጉንዲ፣ ከጋንጎልፍ ጋር ተስማሚ። ድንጋዩ እንዳለ ይቅር በሉ።»

«ለሱ ንገረው እንጂ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ይታይልኝ የሚለው እሱ!»

«ነግሬዋለሁ። ከራሴ መሬት፣ ከወፍጮው ሥር፣ ሁለት ክንድ ልስጥህና ተወው ብዬዋለሁ። ‹አሁንማ ነገር አለ› ብሎ ጭራሽ ባሰበት።»

ጉንዲ ትክ ብላ አየችው። የሆንባህ ሰው ሚስቱን ቢሰጥ መሬቱን አይሰጥም።

«ምን ነካህ ቡርካርት? ድንጋዩ ልክ ከሆነ ምን ያስፈራናል? ሰባታችሁ ኑ፣ ቆፍሩ፣ ይስማና አፉን ይዝጋ!»

«ሁለት ክንድ ሣር ነው ጉንዲ።»

«የቩኒ ሣር ነው» አለች። «እኔም ይታይ ብያለሁ። በቃ።»

ቡርካርት ሲሄድ ከጓሮ በኩል ዞሮ የማገዶውን ክምር በእጁ ነካ ነካ አድርጎ አለፈ። እሷም በመስኮት አየችው።

ሰባቶቹ የመጡት ጉም ገና ከወንዙ ላይ ሳይነሳ ነው። ሁሉም ጥቁር ኮት፣ ሁሉም ጥቁር ባርኔጣ። ከጦርነቱ ዘመን ሰባቶች በሕይወት የቀረው ቡርካርት ብቻ ነው፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ ቀብረዋቸው በምትካቸው ወጣቶች ገብተዋል። የሁሉም ታናሽ ኪሊያን ነው፣ አንጥረኛው፣ ጉልበቱ የበሬ ስለሆነ አካፋው ሁልጊዜ ለሱ ይሰጠዋል።

«ባለመሬቶች፣ ጀርባችሁን!» አለ ቡርካርት። ድምፁ ሰለል ያለ ነበር።

ጉንዲና ጋንጎልፍ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ጎን ለጎን ቆሙ። ያን ያህል ተቀራርበው ቆመው አያውቁም።

«እትዬ ጉንዲ፣ ለመሆኑ ከሥሩ ምን ያለ ይመስልዎታል?»

«የጠፋው አእምሮህ።»

«ከተገኘማ ለርስዎም አካፍልዎታለሁ።»

ጉንዲ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከኋላቸው አካፋው አፈሩን ሲቆርጥ ይሰማል፤ ቁርጥ፣ ዝርግፍ፣ ቁርጥ፣ ዝርግፍ። ከዚያ ቆመ።

«ጌታ ሆይ!» አለ የኪሊያን ድምፅ። «ጋሽ ቡርካርት፣ ይሄ ምንድነው? ይሄኮ የሰ…»

«ዝም በል!» አለው ቡርካርት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ። ወንዙ ስለሚንሾካሾክ ጉንዲ የያዘችው ጥቂት ነበር፤ መሐላ የሚለውን፣ ከሰባታችን አይወጣም የሚለውን። ከዚያ አፈሩ እየተዛቀ ሲመለስ ሰማች፣ ቶሎ ቶሎ፣ የሚያባርራቸው ያለ ይመስል።

«ዙሩ» አለ ቡርካርት። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምስክሩ በቦታው ነው። ድንጋዩ ልክ ነው። መሬቱ የጉንዲ ነው፣ ብለን ምለናል።»

«ምን?» ጋንጎልፍ ጮኸ። «እናንተ እርስ በርስ የተዋለዳችሁ ሌቦች! እኔ አዲሱ ስለሆንኩ ነው! ዓይን ያለው ሰው ከአኻያው…»

ጉንዲ አልሰማችውም። ረትታለች፤ ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ግን ሰባቶቹ ወደ መንገዱ ለመውጣት በአጠገቧ ማለፍ ጀምረው ነበርና እነሱን እያየች ነው። ፊት የመጣው ኪሊያን ነው፤ ያ ግዙፍ ሰው እጁን በሣር እየጠረገ፣ እየጠረገ፣ ከፊቷ ሲደርስ ዓይኑን ሰበረና ባርኔጣውን አወለቀ። ከኋላው ያለውም አወለቀ። ሦስተኛውም።

ሆንባህ ውስጥ ወንድ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለቁርባንና ለሐዘንተኛ ብቻ ነው። ለሴት ባርኔጣ ማንሳት የከተሜ ወግ ነው፣ ይሳቅበታል። የጉንዲ ባል ጋሪ ተገልብጦበት የሞተ ጊዜ የመንደሩ ወንዶች ከመቃብሩ አፍ እንዲህ ተሰልፈው፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ አልፈውላታል። እንዲህ፣ ዓይናቸውን ሰብረው። እነዚህ ወንዶች የሚያደርጉትን አላወቁትም፤ እጃቸው ነው ያደረገው።

ጉንዲ የአኻያውን ግንድ ያዘች።

«ኪሊያን» አለች። «ባርኔጣህን ለምን አወለቅህ?»

«እ… ሞቆኝ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ብርድ?»

ጉንዲ ወደ ቡርካርት ዞረች። እሱ ብቻ ባርኔጣውን እንደደፋ ነው። ማገዶውን አሰበች። በየመከሩ የተከመረውን። ቤቷ ገብቶ አለመቀመጡን። ከራሱ መሬት እሰጣለሁ ማለቱን።

«ቡርካርት፣ ከድንጋዩ ሥር ምን እንዳለ አልጠይቅህም። መሐላ አለብህ።»

ከዚያ ጋንጎልፍን ክንዱን ያዘችው። ጋንጎልፍ ደንግጦ ስድቡን ዋጠ።

«አንተ ልክ ነህ» አለችው። «ድንጋዩ ያለቦታው ነው የቆመው። ሁለቱ ክንድ ያንተ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ያንተ ነው! ውሰደው! ድንጋዩ ይነሳ፣ ብያለሁ። አንተም በል። ሁለታችንም ካልን እምቢ ማለት አይችሉም። በል እንጂ!»

ጋንጎልፍ ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘውን ቃል ሰምቶ ደስ አላለውም። ፊቷን አየ፣ የተሰለፉትን ሰዎች አየ፣ ባርኔጣዎቹን አየ። ሞኝ አልነበረም።

«ይነሳ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጉንዲ» አለ ቡርካርት። «ተይው፣ እለምንሻለሁ። አንቺው ጎረቤቱ ሆነሽ ይረፍ።»

«ማን ነው የሚያርፈው?»

ቡርካርት ድንጋዩን ደገፍ ብሎ ቆመ፣ ሲናገርም እሷን አያይም፤ ለወንዙ የሚናገር ይመስል ነበር።

«ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል የወንዙን ድልድይ እንጠብቅ ነበር፣ የዚያ ጊዜዎቹ ሰባታችን። አሜሪካኖቹ ቀርበዋል። ከጦሩ የሸሸ የተገኘበት መንደር ይቃጠላል ተብሏል። ከወዲያ ማዶ መንደር ሦስት ሰው ሰቅለው የመጡት የራሳችን ወታደሮች እኛ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ይበላሉ። ከነዚህ አኻያዎች መሀል ብቅ አለ። መሣሪያ የለው፣ ምን የለው። ተመለስ፣ ጫካ ግባና ጥቂት ቀን ቆይ አልኩት። ‹ጋሽ ቡርካርት፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ቩኒ› አለኝ። ያላወቅሁት መስሎት። ደስ ብሎት መጮህ ጀመረ። ይሰሙታል፣ መንደሩ ሊነድ ነው አልኩ።»

«ማን ተኮሰ?»

«እኔ።»

ጉንዲ ወደ እሱ ቀረበች።

«እየሳቀ ነበር?» አለች።

«እየሳቀ ነበር» አለ ቡርካርት። «በሳልስቱ ነጭ አንሶላ በየመስኮቱ ሰቅለን አሜሪካኖቹን ተቀበልን። አንዲት ቤት አልተቃጠለችም።»

«እዚህ ያመጣችሁትስ?»

«ማንም የማይነካው ቦታ ሌላ አልነበረንም። ደግሞም ከርስቱ ይረፍ አልን። ግን ጨለማ ነው፣ የአኻያው ሥር አላስቆፍር አለን፣ ወደዚህ ገፋ አድርገን ቆፈርን። ድንጋዩን ከቦታው አንስተን ከላዩ ተከልነው። ከሁለት ክንድ በላይ አልሳትንም።»

የሆንባህ ሰባቶች በዕድሜያቸው ያጣመሙት ድንጋይ ያ ብቻ ነው። ልጁን በገዛ ርስቱ ያሳረፉት መስሏቸው በሰው መሬት ቀበሩት። እናቱም ያን መሬት የልጄ ነው እያለች ድንጋዩን በምላሷ ስትጠብቅላቸው ኖረች።

«አንሱት» አለች ጉንዲ። «ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው። ደወል ተደውሎለት፣ በቀን ይገባል። ሐውልቱም ላይ ስሙ ይቀረጻል፣ ማን እንደገደለውም ይነገራል። አንሱት!»

ወጣቶቹ ቡርካርትን አዩ። ኪሊያን አካፋውን አነሳ። ቡርካርት ተቀበለው። ከዚያ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ከልማዱ ወጥቶ መናገር አልቻለም መሰለኝ፣ እንዲህ አላት፦

«ጉንዲ፣ ጀርባሽን አዙሪ። ሕጉ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ጀርባዬን አዙሬ ኖሬያለሁ» አለች። «በቃኝ።»

ቡርካርት ባርኔጣውን አወለቀ። ከሣሩ ላይ አኖረውና መቆፈር ጀመረ። ጋንጎልፍ ሳይጠሩት ሄዶ ከኪሊያን ጋር ድንጋዩን አቀፈ፤ የሰባቶቹ ሰው አይደለህም ያለው አልነበረም። ድንጋዩ ከቦታው ሲለቅ ቀዩ አፈር ተንሸራቶ ወረደ። ያ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ የያዘውን ነገር ቶሎ አይበላም።

ጉንዲ ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከች። ጭቃውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። ግራጫው የካልሲ ክር ከአፈሩ አይለይም ነበር፤ ተረከዙ ግን ቀይ ነው። የገዛ ሻሿ፣ የገዛ ሥራዋ፣ አንድ ዘለላ እንኳ አልተተረተረም። በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሕፃን እግር ታሞቀው ጀመር።